ረቡዕና አርብ የሚጾመው ማሞቂያ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሐሜቱንና መጠጡን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ምራቄን ውጬ አልፈዋለሁ። አልሰረቅሁም፤ ሰውም አልገደልሁም። አንድ የውሃ ማሞቂያ አስጹሜያለሁ። አትሳቁ፤ እስክጨርስ ታገሡኝ።

እኔ የቢቸና ሰው ነኝ፤ የጋዝ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ እጠግናለሁ። ሞጣ ላይ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ክፍል የሚያከራዩ ሴት አሉ። ተከራዮቻቸው በጋራ የሚታጠቡበት የጋዝ ማሞቂያ አልነሳ ቢላቸው አስጠሩኝ። ውሃው ሲከፈት ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይለኮስም። እሳቱ የሚነድበትን በርነር ፈታሁ፤ ጥቀርሻውን በጥርስ ብሩሽ አራገፍሁ፤ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠረግሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከሰኝም። ከዚያ እትዬ ዘውዴ ለጎረቤታቸው "ይሄ ልጅ እኮ እጁ ወርቅ ነው" ሲሉ ሰማሁና ልቤ አበጠ። መለኮሻውን መልሼ ስገጥም ከመጠን በላይ አጠበቅሁት። ብልጭታውን የሚሰጠው ዘንግ የተሰካበት ነጭ ሸክላ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ።

ሰበርሁት ማለት ምን ያቅታል? እኔን ግን አቃተኝ። መለዋወጫው ሞጣም ቢቸናም አይገኝም። ዞር ብዬ በማጣበቂያ አጣበቅሁትና ለኮስሁ፤ ሠራ። በየቀኑ ከነደደ ግን እንደሚለቅ አውቃለሁ።

"እትዬ፣ ማሽኑ አርጅቷል። በሳምንት ሁለት ቀን ይረፍ" አልኋቸው።

"የትኞቹን ቀኖች?"

አፌ ወደለመደው ሄደና "ረቡዕና አርብ" አልሁ።

ፊታቸው በራ። "አበጀህ ልጄ። እሱስ ከኛ በምን ተለየ?" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕና አርብ የጋዙን ሲሊንደር በእጃቸው ይዘጋሉ። ሑዳዴ ሲገባማ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዝጋት ጀመሩ። ይህን እንኳ እኔ አላዘዝሁም።

ተከራዮቹ አጉረመረሙ። አንዱ ብቻ ምንም አላለም፤ ከድር ይባላል፣ ከጅማ ተመድቦ የመጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። አርብ ጠዋት ለጁምዓ ገላውን ይታጠባል። የሞጣን የጠዋት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ያን ውሃ በላዩ ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። ከሰባቱ ቀኖች አርብን የመረጥሁበት እኔ ነኝ።

ከድር ተዛውሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ከሞጣ በተነሣው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አላስችል አለኝና "አርብ አርብ አይበርድህም ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት።

"በጣም እንጂ" አለኝ። "ግን እትዬ ለጾማቸው ብለው የሚያደርጉትን ምን ልበላቸው? በረመዳን የማፈጥርበትን ሾርባ የሚሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። እንደ እናቴ ናቸው።"

እሱ የሃይማኖት ጉዳይ መስሎት ታገሠ፤ እሳቸው የባለሙያ ትእዛዝ መስሏቸው አከበሩ። በሁለቱ መካከል የቆምሁት እኔና አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ነን። "ረቡዕና አርብ" ለማለት የፈጠነው አፌ "ሰብሬው ነው" ለማለት ተሳሰረ። ቢቸና ስንደርስ መንገድህን ያቅናው ብዬው ወረድሁ። ደግሜ አላየሁትም።

ከአዲስ አበባ መለኮሻ አስመጣሁና ሞጣ ሄጄ ገጠምሁ። በአንድ ጠቅታ ቦግ አለ። "እትዬ፣ ከእንግዲህ ዕረፍት አያስፈልገውም። አርብም ይሥራ" አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ይህን ያህል ጊዜ ጾሞ ዛሬ ልታስገድፈው?"

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ ማለት ነበረብኝ። መፍቻዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

አሁን በከድር ክፍል ከሐዋሳ የመጣች አዋላጅ ነርስ ገብታለች። ባለፈው አርብ ምድጃ ልጠግን ስሄድ ፀጉሯን ታጥባ በረንዳው ላይ እየተንቀጠቀጠች አገኘኋት።

"ማሽኑ ይጾማል አሉኝ። እውነት ነው?" አለችኝ።

እትዬ ዘውዴ ከኋላዬ ቆመዋል። "አዎ" አልሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አልለምናችሁም፤ ገና ባለፈው አርብ ደግሜ የዋሸሁ ሰው ነኝ። ሞጣ የሚሄድ ካለ ግን ለእትዬ ዘውዴ ይንገርልኝ። እኔ እሳቸው ፊት ስቆም አይወጣልኝም።