ኪሴ ውስጥ የቀረ እጅ

የቀኝ እጄ ጣቶች ከሁለት ዓመት በኋላ የተንቀሳቀሱ ቀን፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ በሩን ዘጋሁት።

ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከሸሚዜ ቁልፍ ጋር በግራ እጄ ስታገል፣ ቀኙ ሳላዘው መጣና ቁልፉን ያዘ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያዘ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘረጋኋቸው። ያኔ ተነሥቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት።

እጃጂ ከተማ አጠገብ አስተማሪ ነበርኩ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ክፍልፋይ ሳስተምር ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፤ እኔም ተከተልኩት። ስነቃ ቀኝ ጎኔ የእኔ አልነበረም፤ አፌም ዓረፍተ ነገር ይጀምርና መሐል ላይ ይጠፋበታል። የሐኪሞች ቦርድ አይቶኝ በሕመም ጡረታ ወጣሁና አምቦ፣ የሚስቴ ወላጆች ግቢ ገባን። ሁለቱ ሴት ልጆቻችን የሚበሉትም የሚማሩትም በዚያች አበል ነበር፤ ሌላ የምንይዘው የምንጨብጠው አልነበረንም። ቦርዱ ታዲያ ሲያሰናብተኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ እንደምታይ ነግሮኝ ነበር። እጄ የተዘረጋው የጥሪው ደብዳቤ በደረሰኝ በሳምንቱ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልማድ አለው። ጌታ የፈወሰው ሰው እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሞ ይመሰክራል። የደበቀ ሰው የአምላክን ክብር እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ሚስቴ ለዚህ እጅ ብላ ሐሙስ ሐሙስ ትጾም ነበር፤ ብነግራት ዕለቱን ሄዳ ስሜን ታስመዘግባለች። ከእኛ ሦስት ወንበር ፊት ደግሞ የጡረታ ፋይሌን የያዘችው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ትቀመጣለች። ደግ ሴት ናት፤ «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብላ ደኅንነቴን ሳትጠይቅ አታልፍም። እኔ ግን ነጠላዋን ባየሁ ቁጥር ፋይሌ ትዝ ይለኝ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሑድ «ዳንኩ» ብዬ ሰኞ «ታማሚ ነኝ» ልላት ነው?

ቦርዱ እስኪያልፍ ብቻ ብዬ እጄን ጨብጬ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ እጄን እንድዘረጋ አዘዘኝ። ላስመስል አስቤ ነበር፤ አላስፈለገኝም። ከፍርሃቱ የተነሣ ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣበቁ። ከዚያ ስለ ትምህርት ቤቱ እንዳወራለት ጠየቀኝ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልሞላ ቃል ጠፋኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። አበሉ ጸና። በአውቶብስ ስመለስ እንደ ሌባ አንገቴን ሰብሬ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ልመሰክር ነበር ሐሳቤ። ሴትዮዋ ግን ቦታዋ ላይ ነበረች። ባለፈው ሳምንት አልዘረጋ ያለ እጅ ዛሬ ተዘረጋ ብል፣ አታለለን ብለው አበሉን ይነጥቁኛል፤ ምናልባትም ያስሩኛል። እሑድ እሑድን ወለደ። ልጆች አፋቸው አያርፍምና ቤት ውስጥም ጨበጥኩት። ስተኛም እጄ እንዳያጋልጠኝ እፈራና ከጎኔ ሥር አደርገው ነበር። ሚስቴ ፍልውሃ እየወሰደችኝ ስታሽልኝ ጥርሴን ነክሼ አደነድነው ነበር። «አይዞህ፣ ዋቃ ጌታ ነው» ትለኛለች፣ አምላኳን እየጠራች። እኔ ሌላው ቀርቶ ዓይኗን ማየት እፈራ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ትልቋ ልጄ ለትምህርት ጉዳይ የጡረታዬ ማስረጃ ስትጠየቅ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ሴትዮዋ ፋይሉን ከፍታ የቦርዱን ወረቀት ኮፒ ሰጠችኝ። በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቆሞ ለረዥም ጊዜ መናገር ስለማይችል የማስተማር ሥራ መሥራት አይችልም ይላል። እጄ ግርጌው ላይ በአንድ መስመር ተነሥቷል፦ መጠነኛ ድክመት። ተመልሼ ገባሁና፣ እጄ ቢድን ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ስለ እጅዎ ማን ጠየቀ፣ ጋሼ?» አለችኝ። «እርስዎ እኮ የወጡት በአንደበትዎ ነው።»

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እጄን ከኪሴ አውጥቼ ጣቶቼን እንዲዘረጉ አዘዝኳቸው። እንቢ አሉ። በግራ እጄ ጎተትኳቸው፤ ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው እንጂ ንቅንቅ አላሉም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ በገዛ እጄ ጠርቼ አደረስኩት።

ሚስቴ በሩን አንኳኩታ ገባች። እጄን ስታገለው አይታ አጠገቤ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ሐሙስ ነበር፤ እህል አልቀመሰችም።

«ምናልባት የእኔ እምነት ይሆናል የጎደለው» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቃል ጠፋኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቃሉ ነበረኝ፤ ፈራሁ።