ድንኳን የሚያስገባ በር

ባለፈው እሑድ ከጋሽ ወልዴ ለቅሶ ስመለስ ካዛንቺስ ላይ ከታክሲ ወረድኩ። የምወርድበት ጉዳይ አልነበረኝም፤ ላንቻ ቤቴ ለመድረስ ገና ይቀረኛል፣ ጉልበቴም ከጠዋት ጀምሮ ሲነዘንዘኝ ነው የዋለው። ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ከሄደ ወዲህ መንገዱ ጠፍቶብኛል። ግራ ቀኝ ስል አይቼው የማላውቅ አንድ አዲስ መናፈሻ ፊት ለፊት ደረስኩ። ሣሩ ተከርክሟል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ ግን ደጁ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ ከመናፈሻ በር ጋር የቆየ ቂም አለኝ።

ያኔ ገና ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ሆኜ መቀጠሬ ነበር። መጀመሪያ የተሰጠኝ ትልቅ ሥራ እዚሁ ካዛንቺስ፣ በቤቶች መሀል የተረፈችን አንዲት ሜዳ ወደ መናፈሻነት መቀየር ነው። አለቃዬ ውጭ አገር ያዩትን ሁሉ እዚያች ሜዳ ላይ ማየት ፈለጉ፤ መሀሏ ላይ ፏፏቴ፣ ዙሪያዋን የብረት አጥር፣ ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍበት ጠባብ በር። እኔም አበባውን በቀለም እርሳስ ስቀባ ደስታዬ ለብቻው ነበር።

ንድፉን ለነዋሪው ያሳየነው በሐምሌ ዝናብ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው እየተንጫጫ ንግግር አላሰማ ብሏል፤ አዳራሹ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። የሰፈሩ እድር ዳኛ ጋሽ ወልዴ ከኋላ ተነሡ።

«ሁሉም ያምራል። ድንኳናችን የት ነው የሚተከለው?»

«የምን ድንኳን?» አሉ አለቃዬ።

«የለቅሶ ነዋ! የሰርጉም ቢሆን።»

«ጌታው፣ ይሄ እኮ መዝናኛ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ግን አልሳቁም። ስብሰባው ሲያበቃ «ነይ ልጄ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ቤታቸው ወሰዱኝ። መንገዱ ዣንጥላ ዘርግቶ አያሳልፍም። ቤቱ ከቤት ተጣብቋል፤ ድንኳን ቀርቶ አግዳሚ ወንበር የሚያዘረጋ ደጅ የለም። የእድሩ የድንኳን ብረቶች ግድግዳቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሜዳዋ ከታጠረች የሰፈሩ ሰው ሬሳውን ሸኝቶ ሲመለስ የሚቀመጥበት ያጣል ማለት ነው።

ውስጥ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ተኝተዋል። ከታመሙ ቆይተዋል፤ ጨዋታቸው ግን አልታመመም። ትኩስ የበቆሎ እሸት ጥብስ አስጨበጡኝና፣

«በሩን የምትስይው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሰፋ አድርጊዋ። የኔ ነገር እንደሆነ ደርሷል፤ ለቀስተኞቼ ጭቃ ላይ እንዳይቀመጡብኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው!»

«ብዪ በቆሎው ሳይቀዘቅዝ» አሉና ሳቁ። እኔ ግን ጥርሴ አልነክስ አለኝ።

በማግስቱ ፏፏቴውን ወደ ጥግ ገፋሁት፣ መሀሉን ባዶ ሣር አደረግሁት፣ በሩንም ብረቶቹን የጫነ መኪና እንዲያሳልፍ አድርጌ አሰፋሁት። አለቃዬ ደጋግመው መለሱብኝ፤ እኔም ደጋግሜ ወሰድኩላቸው። በመጨረሻ «በቃ፣ በቃ! አደከምሽኝ» ብለው ፈረሙ። ያን ቀን ከኦሎምፒያ እስከ ላንቻ በእግሬ ስሄድ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

በሩ እንደሳልኩት ሰፊ ሆኖ ተሠራ፤ ከዚያም በሰንሰለት ተቆለፈ። የሚከፈተው የክብር እንግዳ መኪና ሲመጣ ብቻ ነው ተባለ፤ ነዋሪውም በጎን በተተወች ቀዳዳ እየተሹለከለከ መግባት ጀመረ። እትዬ ዘነበች ያረፉት በዓመቱ፣ ክረምቱ አልወጣ ባለበት መስከረም ነው። ስደርስ ብረቶቹ መኪና ላይ ናቸው፣ ዘበኛው በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ከላይ ፈቃድ ካልመጣ ምን ላድርግ፣ እህቴ? እንጀራዬ ነው» አለኝ።

ወደ ቢሮ ሮጥኩ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናቸው። ጠበቅኩ፤ ሌላ ስብሰባ ገቡ። ባዶ እጄን ስመለስ ድንኳኑ ከመናፈሻው ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ተተክሏል። ሸራው እንዳይወድቅ አንዱን ገመድ ከእኔ በር ብረት ላይ አስረውታል። ጎርፉ በለቀስተኛው እግር ሥር ያልፋል። አፍሬ ዳር ላይ ስቆም ጋሽ ወልዴ አዩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አይዞሽ፣ ልጄ። በርሽ ጠንካራ ነው፤ ገመዱን ይዞልናል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ መናፈሻ ስያለሁ። «ለሕዝብ ክፍት» የሚለውን ቃል ንድፍ ላይ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኝ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

እሑድ ጋሽ ወልዴን ያለቀስናቸው ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ በቆሙ መኪኖች መሀል ነው። ድንኳኑ በኪራይ የመጣ ነው፤ የጥንቱ እድር ሰፈሩ ሲበተን አብሮ ተበትኗል። ብዙዎቹን ለቀስተኞች አላውቃቸውም፤ ጋሽ ወልዴንም ብዙዎቹ አያውቋቸውም።

ይህንን እያሰብኩ ደጁ ላይ እንደቆምኩ የመናፈሻው ጥበቃ ሴትዮ ጠራችኝ።

«እማማ፣ ምነው ቆሙ? ይግቡ እንጂ፣ ክፍት ነው።»

ገብቼ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞኝ ነበር። ፊቴ ያለው ሣር ሰፊ ነው፤ ድንኳን በደንብ ይይዛል።