የቅሬያችን ሳክስፎን

የሰፈራችን ልጅ ይሄነው ሳክስፎኑን ያገኘው ቤይሩት ሰው ቤት ከምትሠራው እህቱ ከየኔአለም ነው። የአሠሪዎቿ ልጅ ሰልችቶት የጣለውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መካነ ሰላም ድረስ በሰው ላከችለት። ስልክ ትልክልኛለች ብሎ ሲጠብቅ የኖረ ልጅ ያንን ጎባጣ ናስ ሲያይ ምን እንዳሰበ እንጃ። ብቻ የሚኒባስ ረዳትነቱን ትቶ መንፋት ጀመረ።

የምናውቀውን ዜማ ይጀምርልንና ልክ አንገታችንን መነቅነቅ ስንጀምር ጥሎን ይሄዳል። የትናንቱን ድገም ቢሉት አይችልም። ከአዲስ አበባ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ሰምቶት ይሄ ጃዝ ይባላል አለ። እናቱ ወይዘሮ በዛች ስም ያለው ነገር መሆኑን ሲሰሙ ትንሽ ተረጋጉ። ስም ካለው መድኃኒትም አይጠፋውም ብለው ነው።

አንዴ ጃማ፣ ደጎሎ ለሰርግ ተጠራ። ሙሽሮቹ ትከሻቸውን ሲያነሱ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዜማውን ይዞ ወጣና የጃማ ሜዳ ላይ ጠፋ። ትከሻቸው እንደተነሳ ቀረ። ሚዜው ጠጋ ብሎ መቼ እንደሚመለስ ጠየቀው፤ ይሄነው ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አልሰማውም። ከዚያ ወዲያ ለሰርግ የጠራው የለም።

ዋናው ጣጣ ግን የመጣው እዚሁ ሰፈራችን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የቅሬው ጥሩንባ ይነፋል፤ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ጥሩንባ የሰማ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ይሄነው አመሻሹ ላይ ከሰፈሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲነፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡ ጀመር። ማን ሞተ? ማንም። ጎረቤታችን ሀጀራማ ሟች እንደሌለ የተነገራት አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ነው። እንባዬ በከንቱ አይቀርም ብላ ድሮ ለሞቱት ለአባቷ አደረገችው።

የቅሬው ዳኛ አቶ አወቀ ሽማግሌ ሰበሰቡ። ይባረር ያሉ ነበሩ፤ ከቅሬ የተባረረ ደግሞ ቀባሪ የለውም። በመጨረሻ አቶ አወቀ ለአንድ ሰፈር ሁለት ጥሩንባ በዛ ብለው ይሄነውን ራሱን ጥሩንባ ነፊ አድርገው ሾሙት። ሰው ሲሞት አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ድምፅ እንዲነፋ ነገሩት። እሱ ቀጥ ያለ ነገር ከየት ያምጣ? ረጅሙን ይጀምርና መሃል ላይ ይጠመዘዛል። ለቅሶውና ጃዙ ሲምታታብን ጊዜ ሳክስፎን ሰምተን መውጣቱን ተውነው፤ ለቀብር ሰው የሚጠራው የሟች ቤተሰብ ቤት ለቤት እየዞረ ሆነ። ከሹመቱ ግን ማንም አላነሳውም። በየቀኑ አመሻሹ ላይ ይነፋል፣ እኛም እራታችንን እንበላለን።

ወይዘሮ በዛችን ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው።

"እኔ ስሞት ማን ይወጣል?" አሉት አንድ ቀን። "ቤት ለቤት የሚዞርልኝ ሌላ ሰው የለኝ፤ አንተ ትነፋለህ፣ ሰው ጃዝ ነው ብሎ እራቱን ይበላል። እናትህ ብቻዋን ትቀበር?"

ለእሳቸው አንዲት ቀጥ ያለች ድምፅ እንደሚነፋ ማለላቸው። ተለማመደ፤ አልሆነለትም። አንጀቴን የበላኝ ያ ልምምዱ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወይዘሮ በዛች ከሰዓት በኋላ አረፉ። ይሄነው ለማንም ሳይናገር ሳክስፎኑን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። አፉ ላይ አደረገው። እንኳን ቀጥ ያለው፣ ጠማማውም እምቢ አለው። ፀሐይ እስክትገባ እዚያው ቆመ።

እኛ እራት ልንቀርብ ስንል የሆነ ነገር ጎደለን። አቶ አወቀ ሬዲዮናቸውን ቀንሰው አዳመጡ። እኔ በር ላይ ወጣሁ፤ ጎረቤቶቼም ወጥተው ወደ ጉብታው ያያሉ። ሀጀራ ልጁ ዝም ብሏል፣ ሰው ሞቷል አለች። ወዴት እንደምንሄድ ማንም አልነገረንም። ይሄነውን ዝም የሚያሰኝ ሞት የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሰፈሩ እንዳለ ወደ ወይዘሮ በዛች ቤት ጎረፈ።

ሀጀራ ጉብታው ላይ ወጥታ እጁን ያዘችው።

"አብሽር ወንድሜ፣ አገሩ በሙሉ ወጥቷል።"

"ሳልነፋ?" አላት።