በእትዬ አስካለች ፍሪጅ ላይ የሠራሁት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ የፍሪጅ ጋዝ ለቀቅሁ» ብላቸው ግራ ይገባቸዋል እንጂ ቀኖና አይሰጡኝም። እናንተ ስሙኝ።

ቦንጋ ውስጥ ፍሪጅ እጠግናለሁ። የአሮጌ ፍሪጅ ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አይነድ፤ ሰማይ ሲደርስ ግን ከፀሐይ ጨረር የሚከልለንን ሽፋን ይበላል። አገር እንዳይገባ የታገደው ለዚህ ነው። ያለውም በሲሊንደር ተይዞ ተመልሶ ይሞላል እንጂ አይለቀቅም። ይህን ሠልጥኜበታለሁ።

የእትዬ አስካለች ፍሪጅ ቧንቧው ዝጎ ሊበሳ ደርሶ ነበር። ውስጡ የባለቤታቸው የጋሽ ወልዴ የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኑ፣ ይቀመጣል። ጋዙን በሲሊንደር መያዝ ጊዜ ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ ወደ ሺሺንዳ የምሄድበት መኪና ሊያመልጠኝ ነው። ቧንቧውን ቆረጥኩት። ሽሽ አለና አለቀ። ማን ያያል አልኩ።

ታዲያ የተከለከለ ጋዝ ከየት ይምጣ? ቧንቧውን ቀይሬ የአዲሶቹን ፍሪጆች ጋዝ ሞላሁበት። ከአሮጌው ሞተር ዘይት ጋር እንደማይስማማ፣ ውሎ አድሮ ሞተሩን እንደሚገድለው እያወቅሁ ሞላሁበት። ክረምት ነበር፤ በክረምት ቦንጋ ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ነው። እጄን ከትቼ «ይኸው እትዬ፣ በረዶ ሆኗል» አልኳቸው። መረቁኝ።

በጋ ሲገባ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። መድኃኒቱ ተበላሸ። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ይወጋሉ፣ ስኳራቸው አይወርድም። የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ እግራቸው ተቆረጠ። እትዬ አስካለች «መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን እየከፈትኩ እኔው ነኝ ያበላሸሁት» ብለው ሲያለቅሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «የመብራት ነገር ምን ይደረጋል» አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይህቺ ትብሳለች።

አሁን ብናገር እግር ይበቅላል? የለቀቅሁትን ጋዝስ ሮጬ ልይዘው? ጋሽ ወልዴ ማንኪራ ጫካ ዛፍ ላይ የሰቀሏቸውን ቀፎዎች ራሳቸው እየወጡ የሚያወርዱ ሰው ነበሩ። አሁን ጎረቤት ነው የሚያወርድላቸው፤ እሳቸው ከሥር ምርኩዛቸውን ይዘው ያንጋጥጣሉ።

ማሩን በስኳራቸው ምክንያት አይቀምሱትም። «ያኔ ለደከመልን ልጅ» ብለው በእትዬ አስካለች እጅ ለእኔ ይልኩልኛል። ይቅር በሉኝ ለማለት ፊት የለኝም። ዘንድሮም የላኩትን ተቀበልኩ፤ እግዜር ይስጥልኝም አልኩ።