የድሬዳዋው እግር አጣቢ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ልጆቹ ለክረምት ከትምህርት ሲያርፉ ባለቤቴ «የቆላውን ከተማ ሁሉ አሳያችኋለሁ» ብለው ከደብረ ማርቆስ ይዘውን ወጡ። ናዝሬትን ሁለት ቀን ስንዞር ሰነበትንና በባቡር ድሬዳዋ ገባን። ሙቀቱ አይነሣ! ባለቤቴ ግን ያንን ወፍራም በርኖሳቸውን አላወልቅም አሉ፤ «በሰው አገር ክብር ይጠበቃል» ነው ነገሩ።

ሆቴሉ በረንዳ ላይ እንደደረስን ጫማቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። በእኛ አገር እንግዳ ከመንገድ ሲገባ የቤቱ ሰው እግሩን ያጥበዋል፤ ድሬዳዋም ያው መስሏቸዋል። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ዞር ብሎ ያየን የለም። «ኧረ ሰው ይስቅብናል፣ ክፍላችን እንግባ» ብል ተቆጡኝ።

ጥግ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ተቀምጦ ያየናል። የቤቱ ጌታ መስሏቸው፣ «ወንድሜ፣ እስከ መቼ እንተያያለን? እግራችንን አታጥበንም እንዴ?» አሉት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ!

ሰውየው ፈገግ እንኳ ሳይል ተነሣና ሳፋና ውሃ ይዞ መጣ። ኮቱን አውልቆ፣ ተንበርክኮ፣ በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር አጠባቸው፤ ሲጨርስም እንደ ደንቡ ጉልበታቸውን ሳመ። ባለቤቴ «አየሽ!» በሚል ዐይን አዩኝ።

ከዚያ ሰውየው ከጎናቸው ተቀመጠና የገዛ ጫማውን መፍታት ጀመረ።

«እኔም እንግዳ ነኝ ጌታዬ፤ አገሬ ይጁቤ ነው፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ አጠገብ። ከጧት ጀምሬ የሚያጥበኝ ሰው ስጠብቅ ነበር፤ መጠየቁ አሳፍሮኝ እንጂ። በሉ እንግዲህ፣ በርኖሱን ያውልቁት።»