እማዬ በማራኬሽ ገበያ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ሞል ውስጥ የአዲስ ቆዳ ሽታ ሸተተኝና ማራኬሽ ትዝ ብሎኝ ቆም አልኩ። ዘጠናዎቹ ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ እማዬ ሞሮኮ የምትኖረውን አክስቴን ልትጠይቅ ስትሄድ ይዛኝ ሄዳ ነበር።

ካልጋሪ ውስጥ እማዬ ዝምተኛ ነበረች፤ ሱቅ ስንገባ እንግሊዝኛ የምናገርላት እኔ ነበርኩ። ማራኬሽ ገበያ ግን ለእኔ አንዲት ቀይ የቆዳ ቦርሳ አነሳችና ስፌቷን ዳሰሰች። ሽማግሌው ባለሱቅ ዋጋውን በጣታቸው አሳዩዋት።

«ኧረ አባባ፣ እንዲህማ አይበሉኝ!» አለቻቸው በአማርኛ። እሳቸው በዓረብኛ መለሱ። እሷ በአማርኛ ቀጠለች፣ እጇ ሁሉ ይናገር ነበር። በመጨረሻ ቦርሳዋን አስቀምጣ እጄን ይዛ ወጣች። ልቤ ስብር አለ። ሽማግሌው ግን እየሳቁ ተከተሉን፤ እሷ በጣቷ ባሳየቻቸው ዋጋ ተስማሙና ቦርሳዋን ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

«ዛሬ አፌ ተፈታ» አለች እማዬ እየሳቀች። አፏ ታስሮ ነበር እንዴ ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። እንደዚያ ቀን ኮርቼባት አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ከሞሉ ወጥቼ ሳድል ሪጅ ሰፈር እማዬ ቤት ሄድኩና ሽማግሌውን አስታወስኳት።

«እኚያ ሰው» አለች፣ «ቋንቋዬን ሳያውቁ ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝ እኮ።»