ጉብታው ላይ ያልቆምንበት እሑድ

አባቴ በአቃቂ በኩል በሚያልፈው አሮጌ የባቡር መስመር ላይ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ካቦ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ብሎን ሲያስጠብቅና ጠጠር ሲያስደለድል ኖሮ፣ መስመሩ ሥራ ሲያቆም እሱም ቤት ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ግላኮማ ዓይኖቹን ወሰደበት። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ስላልነበረች፣ ዕጣ ወጥቶልኝ ወደገባሁበት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ አመጣሁት። ደረጃውን አልወደደውም። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ ከሥራ ደክሜ ስገባ ወሬ የሚጠብቀኝ ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ሁልጊዜ አልወደድኩትም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከሰፈራችን ባሻገር ሙከራ ጀመረ ሲባል ግን ሰውዬው ልጅ ሆነ። እሑድ ትወስጂኛለሽ አለኝ እንጂ ትወስጂኛለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። የሥራ ቆቡን አድርጎ፣ ክንዴን ይዞ፣ በዚያ ጭቃ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን ከሽቦ አጥሩ ውጪ ያለች ጉብታ ላይ ቆምን።

ስልካቸውን የደቀኑ ጎረምሶች ቀድመውን ደርሰዋል። እነሱ ባቡሩን ሊያዩ ነው የመጡት፤ አባቴ የመጣው ሰላምታ ሊሰጥ ነው። በድሮው ሥራቸው ባቡር ሲቃረብ ካቦው ሰዎቹን ከሐዲዱ ላይ ያነሳል፣ ይቆጥራል፣ ከዚያ ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል። ሰዎቼ ሁሉ ወጥተዋል፣ እለፍ ማለት ነው። ነጂውም አጠር አድርጎ አንዴ ጡሩምባ ይነፋለታል፤ አይቼሃለሁ ማለት ነው። ያን መልስ ሳይሰማ እጁን የሚያወርድ ካቦ የለም። አባቴ አዲሱ ባቡር እንዲመልስለት ፈለገ። ከሥራ ሲሰናበት እንኳ ደህና ሁን ያለው ሰው አልነበረም፤ ይቺን ብቻ ነበር የሚመኘው።

የመጀመሪያው እሑድ ጉድ ሆንን። አሮጌው ባቡር ሐዲዱ በተጋጠመበት ሁሉ ቀጭ ቀጭ እያለ ከሩቅ ይሰማ ስለነበር፣ አባቴ በጆሮው ተማምኗል። እኔ እነግርሃለሁ ስለው፣ ስለ ባቡር አንቺ ልትነግሪኝ ነው ብሎ ሳቀብኝ። አዲሱ ሐዲድ ግን ተበይዶ አንድ ወጥ ሆኗል፤ ባቡሩም ሽው ብሎ አለፈ። አባቴ እጁን ሲያነሳ የመጨረሻው ፉርጎ ርቋል። እጁን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ጎረምሶቹ ተሳሳቁ። እኔም በአባቴ አፈርኩ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ትከሻውን ስነካው እጁን በሰዓቱ ያነሳ ጀመር። ባቡሩ ግን ዝም። ነጂዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ የኛን የድሮ ሠራተኞች ልማድ ከየት ያውቁታል? አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ ምክንያት ይፈልግላቸዋል፤ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ይሆናል፣ እጄን ዝቅ አድርጌው ይሆናል ይላል። አንጀቴን በላው። አንድ ቀን ድንጋይ ላይ አስቀምጬው ሄድኩና ለአጥሩ ጥበቃ ሁሉንም ነገርኩት። ጥበቃው ቤተሰቦቹ ድሮ እዚያው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ የአካባቢው ልጅ ነው። ሥልጠና ላይ ያለ አንድ የአገራችን ልጅ አልፎ አልፎ እንደሚነዳ አጫወተኝና፣ ሳገኘው እነግረዋለሁ አለኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ድንገት ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ሁለት እሑድ ሄድን፣ ምንም የለም። ጥበቃው ረስቶታል ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው እሑድ ጠዋት፣ ዘጠኝ ቀን ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ መጣ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን ሳይቀር እየሞላሁ፣ የተከመረውን ልብስ እያጠብኩ ስራወጥ፣ አባቴ ቆቡን አድርጎ በሩ ጋ ቆሟል። ዛሬስ ይቅርብን አልኩት። ውሃ ማታም ይቀዳል፣ ባቡሩ ግን አይጠብቀንም አለኝ። ደግሞ ሲለኝ የያዝኩትን ልብስ ሳፋው ውስጥ ወረወርኩት።

"አባዬ፣ ማንም አያውቅህም እኮ!" አልኩት። "ያ ሥራ አልቋል። ባቡሩ ላንተ አይመልስም።"

ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ጥበቃውን አገኘሁት።

"እህቴ፣ ትናንት የት ገባችሁ?" አለኝ። "ያ የነገርኩሽ ልጅ ነበር የሚነዳው። ጉብታው ጋ ሲደርስ ቀስ ብሎ ነፋላቸው። ሰው ሲያጣ ደግሞ ነፋ። አባባን አሟቸው ነው?"

አዎ፣ ትንሽ አሟቸዋል አልኩት።

ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ዋልኩ። ስገባ ግን እሱ ቀደመኝ። ትናንት ልክ ነበርሽ፣ ያበዛሁት እኔ ነኝ፣ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም አለኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ብነግረው ግን ያስቀረሁህ እኔ ነኝ ማለቴ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ወስጄው በራሱ ጆሮ ይስማ ብዬ ዋጥኩት። በሚቀጥለው እሑድ ሙከራው ለጊዜው ቆሟል ተባለ። እንደገና ሳይጀመር አባቴ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ገባ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ።

እነዚያን ቀናት አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ውሃ አጠጥቼዋለሁ፣ ትራሱን አስተካክዬለታለሁ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን አውርቼለታለሁ። ነጂው ሁለት ጊዜ እንደነፋለት ግን አልነገርኩትም። ሲሻለው እነግረዋለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ የፈራሁት እንዳይቀየመኝ ነበር። አባቴ ባቡሩ እንደማያውቀው አምኖ ሞተ። ያሳመንኩት እኔ ነኝ።